ፕሮግራሜ የተጠቃሚውን ቋንቋ በትክክል ማወቅ አቃታት

ሁለተኛ_ፈረቃ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ፋይል ባክአፕ የምታደርግ አንዲት የዊንዶውስ ፕሮግራም ተረክቤ እየጠገንኩ ነው። የጻፋት ሰው ሥራ ቀይሯል፤ ማስታወሻ የሚባል ነገርም አልተወም። ፕሮግራሟ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ታውቃለች። በየትኛው እንደምትከፈት የምትወስነው ስትነሳ “ጌት ዩዘር ዲፎልት ኤልሲአይዲ” የሚለውን፣ ቁጥር የሚመልስ የዊንዶውስ ጥሪ ጠርታ ነው። መልሱ 1033 ከሆነ እንግሊዝኛ፣ 1031 ከሆነ ጀርመንኛ፣ 1036 ከሆነ ፈረንሳይኛ። ከነዚህ ውጭ የመጣ ሁሉ እንግሊዝኛ ይደርሰዋል።

ሲያዩት ደህና ይመስላል። የሚመጡልኝ ቅሬታዎች ግን እንዲህ ናቸው። አንዱ ደንበኛ ዊንዶውሱ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው፤ ስክሪንሾቱን ልኮልኝ አይቼዋለሁ። የእኛዋ ግን በጀርመንኛ ትከፈትበታለች። ሌላው የዚህ ግልባጭ ነው፦ ሰውዬው ኦስትሪያ ያለ፣ ዊንዶውሱ ጀርመንኛ፣ ፕሮግራሟ እንግሊዝኛ። ሦስተኛው ደግሞ ይብሳል። ፈረንሳይኛ ዊንዶውስ ላይ ኢንስቶለሩ ለፎልደሩ ፈቃድ የሚሰጥበት ቦታ ሲደርስ “አድሚኒስትሬተርስ የሚባል ቡድን አልተገኘም” ብሎ ቀጥ ይላል።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ “በአይፒ አድራሻው አገሩን እወቅና ቋንቋውን ከዚያ ወስን” ይለኛል። ልቤ አልተቀበለውም፤ የተሻለ ነገር ግን በእጄ የለም። ተጠቃሚው የየትኛው ቋንቋ ዊንዶውስ እንደያዘ ቁርጡን የሚነግረኝ አንድ ጥሪ ወይም አንድ የሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ቦታ አለ?

ፈጣን_መልስ፦

ብዙ አትጨነቅ፣ ኪቦርዱን እይ። ሰው በሚጽፍበት ቋንቋ ነው የሚያነበው። ሁለት መስመር ኮድ ነው፣ አለቀ።

ጋሽ_ሬጅስትሪ፦

ልጄ፣ ቁርጡን የሚነግር አንድ ቦታ የለም። አንድ ጥያቄ የጠየቅህ መሰለህ እንጂ የጠየቅኸው ብዙ ነው። አንድ ዊንዶውስ ላይ የተጠቃሚው ፎርማት አለ፣ የምናሌው ቋንቋ አለ፣ ሲስተሙ መጀመሪያ የተጫነበት ቋንቋ አለ፣ ዩኒኮድን (የሁሉን ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን ሥርዓት) ለማያውቁ አሮጌ ፕሮግራሞች የተመደበ ቋንቋ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ አገር አለ፣ የሰዓት ቀጠና አለ። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሰባቱም ሰባት የተለያየ መልስ የሚሰጡበት ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ምንም ችግር የለበትም፣ እንዲያውም ሁሉንም አስቦበት ነው ያስተካከለው።

ወደ ቅሬታዎችህ ልምጣ። ያ “ዩዘር ዲፎልት ኤልሲአይዲ” የሚነግርህ ተጠቃሚው ቀንና ቁጥር በየትኛው አገር ልማድ እንዲጻፍለት እንደመረጠ ብቻ ነው። “ሪጅን” ሲከፈት መጀመሪያ የምታየው “ፎርማት” የሚለው ምርጫ ነው እሱ። ጀርመን ተቀምጦ እንግሊዝኛ ዊንዶውስ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ይልቁንም በሙያችን። እንዲህ ያለው ሰው ምናሌው እንግሊዝኛ ይሁን ይላል፤ ቀኑ ግን በለመደው መንገድ፣ ቀን ከወር በፊት እንዲመጣለት ፎርማቱን ጀርመን ያደርገዋል። ፕሮግራምህ የቀን አጻጻፉን አይታ በጀርመንኛ አዋራችው።

ኦስትሪያው ሌላ ነው። ያ ቁጥር ሁለት ነገር ታጭቆበታል፤ የታችኞቹ 10 ቢቶች ዋናውን ቋንቋ ይይዛሉ፣ በላያቸው ያሉት 6 ቢቶች የአገሩን ዓይነት። 1031ን ወደ ሄክሳ (በ16 የሚቆጠር የቁጥር አጻጻፍ) ብትቀይረው 0407 ነው። የኦስትሪያው 3079 በሄክሳ 0ሲ07 ይሆናል፤ የስዊዘርላንዱ 2055 ደግሞ 0807። ጅራታቸውን እየው፣ ሦስቱም 07 ነው፤ 07 ማለት ጀርመንኛ ነው። የቀደመው ሰው ሙሉውን ቁጥር ስላወዳደረ ከጀርመን ውጭ ያለ ጀርመንኛ ተናጋሪ በሙሉ ከበር ተመለሰ። የካናዳው ፈረንሳይኛ 3084፣ የቤልጂየሙም 2060 ስለሆነ እነሱም በሰልፍ እየመጡልህ ነው።

ይህን ስነግርህ ቁጥሩን እየከፋፈልክ ቀጥል ማለቴ አይደለም። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣ ወዲህ ማይክሮሶፍት ራሱ “በስም ጠይቁ” ይላል፦ ዲኢ-ኤቲ (የኦስትሪያ ጀርመንኛ)፣ ኤፍአር-ሲኤ (የካናዳ ፈረንሳይኛ) እያልክ። በኋላ የተጨመሩ ብዙ ቋንቋዎች የራሳቸው ቁጥር አልተሰጣቸውም፤ ብትጠይቃቸው ሁሉም 4096 ብለው ይመልሱልሃል።

አንተ የምትፈልገው “ጌት ዩዘር ፕሪፈርድ ዩአይ ላንጉጅስ” ነው። ተጠቃሚው የሚመርጣቸውን የምናሌ ቋንቋዎች በቅደም ተከተል ይሰጥሃል። ዝርዝሩን ከላይ ጀምረህ ውረድ፤ መጀመሪያ ያገኘኸውንና አንተም ትርጉሙ ያለህን ያዝ። ዲኢ-ኤቲ ከመጣና ያለህ ዲኢ ብቻ ከሆነ አገሩን ቆርጠህ ዲኢን ስጠው። ለሦስቱ ቋንቋዎችህ ይህ ይበቃል። ነገ ቻይንኛ ልጨምር ካልክ ግን በመቁረጥ አትመን። ከዜድኤች-ቲደብልዩ አገሩን ቆርጠህ ዜድኤች ብታደርገው የታይዋኑ ሰው የማይጠቀምበትን የተቃለለውን ፊደል ልትሰጠው ነው። ሰርብኛም በላቲንና በሲሪሊክ ይጻፋል። እዚያ ላይ የዩኒኮዶቹን ሲኤልዲአር (የየቋንቋው ልማድ የተሰበሰበበትን መረጃ) ተጠቀም፤ ማን ከማን እንደሚወርስ ተጽፎ ተቀምጧል። የአንጎላ ፖርቱጋልኛ ወላጁ የፖርቱጋሉ እንጂ የብራዚሉ አይደለም፤ የሜክሲኮ ስፓኒሽም ወደ ስፔን ከመሄዱ በፊት የላቲን አሜሪካውን ይሞክራል።

ሦስተኛው ቅሬታህ ከቋንቋ ማወቅ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ብዙ ሰው ግን እሱን ሊፈታ ብሎ ነው ቋንቋ ፍለጋ የሚወጣው። በጀርመንኛ ዊንዶውስ ቡድኑ “አድሚኒስትራቶረን” ይባላል፣ በፈረንሳይኛው “አድሚኒስትራተር”፣ በስፓኒሹ “አድሚኒስትራዶሬስ”። አንዳንዱ የሠላሳ ቋንቋ ሰንጠረዥ ሠርቶ ይዞ ይዞራል። ተወው። የቡድኑ እውነተኛ መታወቂያ ኤስ-1-5-32-544 ነው፤ በማንኛውም ቋንቋ፣ በማንኛውም ኮምፒውተር ያው ነው። “ሁሉም ሰው” የሚለው ደግሞ ኤስ-1-1-0 ነው። በአይካክልስ (የዊንዶውስ የፈቃድ መስጫ ትእዛዝ) ፈቃድ የምትሰጥ ከሆነ ከመታወቂያው ፊት የኮከብ ምልክት አድርግ፤ ስሙን ሳይጠይቅህ ይቀበላል። የፎልደርም ነገር እንደዚሁ ነው። በኤክስፒ ዘመን ጀርመንኛው ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ እውነተኛ “ፕሮግራመ” የሚባል ፎልደር ነበረው። ከቪስታ ጀምሮ ዲስኩ ላይ ያለው የእንግሊዝኛው “ፕሮግራም ፋይልስ” ነው፤ ጀርመንኛው ኤክስፕሎረር ላይ ብቻ ይታያል። ፎልደር በፈለግህ ቁጥር “ኤስኤች ጌት ኖውን ፎልደር ፓዝ” ብለህ ሲስተሙን ጠይቅ፣ ስሙን በእጅህ አትጻፍ።

አይፒውን ልብህ አለመቀበሉ ልክ ነው። አይፒ የሚነግርህ የሰውዬው ኢንተርኔት የት እንደሚወጣ ነው። ቪፒኤን ካለው ያም ቀረ። አገሩን በትክክል ብታውቅስ? ስዊዘርላንድ አራት ብሔራዊ ቋንቋ አላት፣ ቤልጂየም ሦስት። ከዚያ በላይ ደግሞ ባክአፕ የምታደርግ ፕሮግራም ገና ስትከፈት ኢንተርኔት ላይ ወጥታ “እኔ የት ነኝ?” ስትል ያየ ተጠቃሚ ቢጠረጥራት አልፈርድበትም።

ፈጣን_መልስ፣ ወንድሜ፣ ኪቦርድ የሰውን እጅ እንጂ ዓይኑን አይነግርህም። ጃፓንኛ እየጻፈ ምናሌው እንግሊዝኛ የሆነ ሰው በሽ ነው፤ ሦስት ኪቦርድ አስገብቶ የሚቀያይርም አለ። በኪቦርድ ሰው ሲለዩ የማውቀው የቫይረስ ጸሐፊዎችን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው ኮንፊከር የዩክሬን ኪቦርድ ካየ ያንን ማሽን ሳይነካ ይወጣ ነበር። ለእነሱ ግምት ይበቃቸዋል፤ ተሳስቶብኛል ብሎ ቅሬታ የሚልክላቸው ደንበኛ የለም።

ፈጣን_መልስ፦

እሺ ጋሼ፣ ስለ ኪቦርዱ ተሸንፌያለሁ። ግን ሬጅስትሪ ውስጥ “ኢንስቶል ላንጉጅ” የሚል ቦታ አለ አይደል? እኔ የማውቃቸው ስክሪፕቶች እሱን ነው የሚያነቡት፣ ይሠራልም።

ጋሽ_ሬጅስትሪ፦

አለ፤ የሚነግርህ ግን ሲስተሙ መጀመሪያ የተጫነበትን ቋንቋ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሁሉንም ማሽን በእንግሊዝኛ ጭኖ ከዚያ ለየሠራተኛው የቋንቋ ጥቅል ቢጨምር፣ ሁሉም ማሽኖች እስከ ዕድሜ ልካቸው 0409፣ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ይላሉ። ሁለት ሰው በየራሱ አካውንት አንድ ማሽን የሚጋራ ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው። ለሎግ ጥሩ ነው፣ ችግር ስታጣራ ይጠቅምሃል። ለተጠቃሚው በየትኛው ቋንቋ ላናግርህ ለማለት አይሆንም።

ተርሚናል_ወዳጅ፦

የጋሼን ሐሳብ ሳልነካ፣ ነገ ፕሮግራሟን ወደ ሊኑክስ ለመውሰድ ካሰብክ ይህችን ያዝ። እዚያ “ላንግ” የሚባለውን ቫሪያብል ብቻ የሚያነብ ኮድ ሞልቷል፤ ስህተት ነው። ኤልሲ-ኦል ካለ ሁሉን ይሽራል፤ ከሌለ የየዘርፉ ይታያል፣ ለጽሑፍ ኤልሲ-ሜሴጅስ፣ ለቁጥር ኤልሲ-ኒውመሪክ፤ እነሱም ባዶ ከሆኑ ነው ላንግ የሚጠየቀው። የትርጉም መሣሪያው ጌትቴክስት ደግሞ “ላንጉጅ” የሚባል ሌላ ዝርዝር ያያል፤ እሱ ካለ ለትርጉም ከሁሉም ይቀድማል፣ ሎካሉ “ሲ” (ምንም ቋንቋ ያልተመረጠበት መነሻ) የሆነ እንደሆነ ግን ጭራሽ አይታይም። ሰው ላንጉጅን አስተካክሎ “ለምን አይሠራም?” እያለ ሲታገል ሁልጊዜ ሲ ነው ጉዱ። ከክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ ከሚያስነሳው) የሚነሱ ስክሪፕቶች ደግሞ ተርሚናልህ ላይ ያስተካከልከውን አያዩም።

ማክ ላይ ቫሪያብሉን እርሳው። ከዶክ ተጭኖ የሚከፈት ፕሮግራም የሼልህን ላንግ አይወርስም። “አፕል ላንጉጅስ” የምናሌውን ቋንቋዎች ይሰጥሃል፣ “አፕል ሎካል” ፎርማቱን። ያው የጋሼ ክፍፍል ነው።

ሁለተኛ_ፈረቃ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ አንቺም ተባረኪ።

የመጀመሪያውን ደንበኛ ፓወርሼል ከፍቶ አራት ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ ለመንኩት። ጌት-ካልቸር (ፎርማቱ)፦ ዲኢ-ዲኢ። ጌት-ዩአይካልቸር (ምናሌው)፦ ኢኤን-ዩኤስ። ጌት-ዊንሲስተምሎካል (ለአሮጌ ፕሮግራሞች የተመደበው)፦ ዲኢ-ዲኢ። ጌት-ዊንዩዘርላንጉጅሊስት (የተጠቃሚው የቋንቋ ዝርዝር)፦ ኢኤን-ዩኤስ ከላይ፣ ዲኢ-ዲኢ ከታች። ልክ እንዳሉት ነው። ጥሪውን ቀይሬ ላክሁለት፣ አሁን በእንግሊዝኛ ተከፈተችለት። የፈረንሳዩም በመታወቂያው ቁጥር አለፈ።

ግን ይኸው ደንበኛ ሌላ ነገር አነሳ። ባክአፕ በየሁለት ሰዓት ተኩል እንዲነሳ አድርጎ ነበር። ከእኛ ጋር ሲሞክር ፎርማቱን ወደ አሜሪካ ቀየረውና፣ ከዚያ በኋላ ባክአፑ ቀኑን ሙሉ አልተነሳም። ኮንፊግ ፋይሉን ሳየው “2,5” ይላል። ይህ ከቋንቋው ጋር የተያያዘ ነው?

ጋሽ_ሬጅስትሪ፦

ከቋንቋው አይደለም፣ ከፎርማቱ ነው፤ ቀድሞም የተደባለቁብህ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፕሮግራምህ በዶትኔት (በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) የተጻፈች ናት መሰለኝ። ጀርመን ፎርማት ላይ እያለች ሁለት ተኩልን በኮማ ጻፈች። ፎርማቱ አሜሪካ ሲሆን ያንኑ ፋይል አነበበች። በአሜሪካ ልማድ ኮማ ሺዎችን መለያ ናት፤ ዶትኔት ደግሞ ኮማዋ በትክክለኛው ቦታ መቀመጧን አይመረምርም፣ ዘሏት ያልፋል። ስለዚህ “2,5” 25 ሆነ። ስህተት ብላ አልጮኸችም፤ ባክአፑን በየ25 ሰዓቱ አደረገችው። ብትወድቅ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ወዲያው ታውቅ ነበር።

ዶትኔት ክፍፍሉን በስም ለይቶልሃል፦ ከረንት ካልቸር ለቁጥርና ለቀን፣ ከረንት ዩአይ ካልቸር ለጽሑፍ፤ ሰው ለማያየው ነገር ሁሉ ደግሞ ኢንቫሪያንት ካልቸር፣ የትም ቢሄድ የማይለወጠው። ኮንፊግ ፋይል፣ ሎግ፣ ዳታቤዝ፣ በኔትወርክ የሚላክ ነገር በሙሉ ኢንቫሪያንት ይሁን። ተጠቃሚው ፊት የሚቀመጠው ብቻ የእሱን ልማድ ይከተል። “እኔ የምደግፈው ጀርመንኛን ስለሆነ ለጀርመንኛ ኮማ ላድርግ” እንዳትል፤ የስዊዘርላንዱ ጀርመንኛ ነጥብ ነው የሚጠቀመው።

ቀድሞ በየደንበኛው ዲስክ ላይ የተጻፉት ፋይሎች አሉብህ። ፋይሉ ውስጥ የስሪት ቁጥር ጨምር። የስሪት ቁጥር የሌለው ፋይል ስታገኝ አሮጌ ነው ማለት ነው፤ ኮማውን ወደ ነጥብ ቀይረህ በኢንቫሪያንት አንብበውና በአዲሱ መልክ መልሰህ ጻፈው። ከዚያ በፊት ግን አሮጌው ኮድ ሺዎችን በኮማ ከፋፍሎ ይጽፍ እንደነበር ፈትሽ። ይጽፍ ከነበረ ይህ ዘዴ አይሠራም።

እዚያው ሳለህ ትንሽና ትልቅ ፊደል የሚቀያይሩ መስመሮችንም ፈልግ። ፎርማቱ ቱርክ የሆነ ማሽን ላይ ነጥብ ያላት ትንሿ አይ ትልቅ ስትሆን ነጥቧን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ትልቋ ነጥብ አልባ አይ ደግሞ ስታንስም ነጥብ የላትም። ስለዚህ የጣልያንኛን ኮድ አይቲን ወደ ትልቅ ፊደል ለውጠህ ካለህ ሰንጠረዥ ጋር ብታወዳድር አይገጥምም። ቋንቋ የሚለየው ኮድ ራሱ በቋንቋ ምክንያት ይሰበራል ማለት ነው! ማወዳደሩን በኢንቫሪያንት ወይም በኦርዲናል (በፊደሎቹ ቁጥር ብቻ) አድርገው።

ለሰው ዓይን የተጻፈን ቀንና ሰዓት ደግሞ መልሰህ አታንብብ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሲኤልዲአር 42 በእንግሊዝኛው ሰዓት ላይ ከኤኤምና ከፒኤም በፊት ያለችውን ተራ ክፍት ቦታ በጠባብ የማትሰበር ክፍት ቦታ ተካት። በዓይን ልዩነቱ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2023 ጃቫ 20 ይህን ይዞ ሲመጣ፣ በእጅ የተጻፈ ሰዓት ያነቡ የነበሩ ፕሮግራሞች አንድ ፊደል ሳይቀየርባቸው ተሰበሩ።

ገጽ_ሠሪ፦

በድረ ገጽ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ብራውዘሩ “አክሴፕት-ላንጉጅ” በሚባል ሄደር የተጠቃሚውን ቋንቋዎች ከነደረጃቸው ይልካል፤ ኤኤም (አማርኛ) ኪው 0.9፣ ኢኤን (እንግሊዝኛ) ኪው 0.8 እያለ። ይህን ትተው በአይፒ ቋንቋ የሚመርጡ ገጾች አሉ፤ ሰው አገር በተሻገረ ቁጥር ገጹ የማያነበው ቋንቋ ይሆንበታል፣ መቀየሪያውንም በዚያው በማያነበው ቋንቋ ይፈልገዋል።

ሁለተኛ_ፈረቃ፣ ምርጫውን በትክክል ብታነብም እንኳ ፕሮግራሟ ውስጥ የቋንቋ መቀየሪያ አድርግ፤ ጀርመንኛውን በጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛውን በፈረንሳይኛ ጻፈው። ባንዲራ አታድርግ። ሰው አንዴ በእጁ ከመረጠ በኋላ ሲስተሙን ዳግም አትጠይቅ። ማክ እ.ኤ.አ. ከ2019፣ አንድሮይድ ከስሪት 13 ጀምሮ ለየፕሮግራሙ የተለያየ ቋንቋ መምረጥ ስለሚፈቅዱ፣ ሰዎች ይህን መጠበቅ ለምደዋል።

ሁለተኛ_ፈረቃ፦

ተቀብያለሁ፣ መቀየሪያዋን ጨምሬያለሁ። አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ባክአፑን የሚያካሂደው ከጀርባ የሚሠራ ሰርቪስ ነው፣ በሎካል ሲስተም (በዊንዶውሱ የራሱ) አካውንት ይሮጣል። ያንኑ አዲሱን ጥሪ እዚያም አስገባሁት፤ ሰርቪሱ የሚልካቸው ማስታወቂያዎች ግን ጀርመንኛ ተጠቃሚ ላይም በእንግሊዝኛ ይመጣሉ። ጥሪው አልሠራም ማለት ነው?

ጋሽ_ሬጅስትሪ፦

ሠርቷል። “ተጠቃሚው ማን ነው?” ብለህ ስትጠይቀው ሎካል ሲስተም ነኝ ብሎ የራሱን ሴቲንግ ነገረህ። ሎካል ሲስተም የሚያነበው ሬጅስትሪው ውስጥ ኤችኪ-ዩዘርስ ስር “ዲፎልት” የሚለውን ነው፤ ከገባው ሰው ጋር አይገናኝም። “ሪጅን” ውስጥ አድሚኒስትሬቲቭ በሚለው ገጽ የአሁኑን ተጠቃሚ ሴቲንግ ወደ ሲስተም አካውንቶች መቅጃ አለ፤ ደንበኛን እሱን ንካ ብሎ ማዘዝ ግን ልክ አይደለም። ማሽኑ ላይ ሁለት ሰው ቢገባስ የማንን ይቀዳል?

ሰርቪሱን ቋንቋ አታስተምረው። ጽሑፍ መላኩን ትተህ የመልእክት ቁጥርና ዝርዝሩን ብቻ ይላክ፦ መልእክት 17፣ የፋይሉ ስም፣ መጠኑ በባይት፣ ሰዓቱ በዩቲሲ። በተጠቃሚው አካውንት የምትሮጠው ትንሿ የትሬይ ፕሮግራም (አዶዋ ከሰዓቱ አጠገብ የምትታየው) ተቀብላ በራሷ ቋንቋና ፎርማት ትጽፈዋለች፤ እሷ ያለችው እሱ ዘንድ ስለሆነ የምትጠይቀው ሁሉ የእሱን መልስ ያመጣል። ማንም ሳይገባ የሚጻፈው ሎግ እንግሊዝኛ ይሁን፤ እሱን የምታነበው አንተ ነህ።

ሁለተኛ_ፈረቃ፦

ትሬይዋ አሁንም አለች፣ አዶ ከማሳየት በቀር ሥራ የላትም ነበር። ማስታወቂያውን ወደሷ እያዛወርኩ ነው። የኦስትሪያውን ሰው መልስ ሳገኝ እዚሁ እጽፋለሁ።